ዜና ገንዘብ በምድረ ወለጋ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በየካቲት 1898 ዓ.ም. አቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የቆመ ነበርና የ50 ዓመት ብቸኛ መብት ተሰጠው። በዚያን ወራት በወለጋ የነቀምቴ ገዥ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ነበሩ። ነቀምቴ ያለችበት የሌቃ ምድር ግብሩን በወርቅ ይገብር፣ ነጋዴውም ጠገራ ብርና አሞሌ ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር። ባንኩም ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ በጎሬና በጋምቤላ ሰፈረ፤ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚወርደውን የቡና ንግድ ይከተል ነበርና። እነሆ ከመነሻው ጀምሮ ወለጋ ለአገሪቱ ገንዘብ ወርቅና ቡና አቅራቢ ሆነ፤ ስለ ገንዘቡ የሚመከረው ግን ሌላ ቦታ ነበር። የዚህ ዜና ጭብጥም ይኸው ነው፦ ብሔራዊ ባንክ ሲሳሳት ዕዳውን የሚከፍል ሕዝብ ምክንያቱን በይፋ፣ በጽሑፍና በጊዜው ሊነገረው ይገባል።

አቢሲኒያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. ተዘግቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጠላት ወረራ በኋላም በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ከቀደሙት ገዥዎቹ አንዱም አሜሪካዊው ጆርጅ ብሎወርስ ነበሩ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ሲወጣ፣ ጠገራ የለመደ ሰው ወረቀት በቀላሉ እንደማይቀበል ታውቆ፣ እውነተኛ ብር ያለበት ባለ 50 ሳንቲም ተመታ። የዚያ ዘመን ሹማምንት አመኔታ በአዋጅ ብቻ እንደማይገኝ ተረድተው ነበር። ሆኖም በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተለይተው ሲቆሙ፣ ብሔራዊው ባንክ ለማን መልስ እንደሚሰጥ የሚጠይቅ አልተገኘም።

የዚህን ጉድለት ዋጋ የቡና አምራቹ ቀመሰው። ከየካቲት 1965 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ተተመነ፤ ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ፣ ደርግም ወደቀ፣ ተመኑ ግን እስከ መስከረም 1985 ዓ.ም. ንቅንቅ አላለም። በጥቁር ገበያ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሲያወጣ፣ የወለጋው የጊምቢ ገበሬ ጀንፈሉን ሸጦ የሚያገኘው ብር በዚያው በተዛባ ተመን የተሰላ ነበር። የነቀምቴ ቡና በዓለም ገበያ በስሙ እየተጠራ ሲሸጥ፣ ልዩነቱ ከገበሬው ኪስ ይወጣ ነበር። ግብር ነው ብሎ ያወጀው ስላልነበረ አቤት የሚባልበት ደጅም አልነበረም። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ዶላሩ 5 ብር ሲሆን ስሕተቱ ታረመ፤ ያለፉትን 19 ዓመታት ግን ማንም አልተጠየቀባቸውም።

ቀጥሎ የመጣው የዋጋ ግሽበት ነው። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ብድር ይሸፍን ነበር፤ ከ2003 ዓ.ም. አንሥቶም የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲያውሉ ተገደዱ፤ ይህ ግዴታ የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው። የተመረተው እቃ ሳይጨምር ብሩ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ዓመታዊው ግሽበት 37.2 በመቶ ደረሰ። ድርቅ፣ ጦርነትና የዓለም ገበያ ድርሻ እንደነበራቸው አይካድም። ነገር ግን ባንኩ ራሱ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ወደ አንድ ሦስተኛ ሲያወርድ፣ የብድሩን ጥፋት በሥራው መሰከረ።

በወለጋ ከተሞች ደግሞ መከራው ተደራረበ። በጥር 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋና በቄለም ወለጋ በሁለት ቀን ውስጥ ከአሥር በላይ የባንክ ቅርንጫፎች በታጣቂዎች ተዘረፉ። በ2012 ዓ.ም. ከገና ሰሞን እስከ መጋቢት በብዙ ወረዳዎች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ከረመ። አዲሱ ዓመት ጠብቶ፣ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው የ200 ብር ኖት ተጨመረ፤ የመለወጫው ጊዜም ሦስት ወር ሆነ። ኮንትሮባንድንና የተከማቸ ገንዘብን ለመቆጣጠር የታሰበ ነበር። በነቀምቴ ከተማ ባንኩ በእግር ይደረሳል፤ መንገዱ በሚያሰጋበት ገጠር ቡናውን ሸጦ ብሩን በቤቱ ያኖረ ሰው ግን ሦስት ወሩን የሚቆጥረው በሌላ ልብ ነው። ይህን የጸጥታ ችግር ባንኩ አላመጣውም የሚል ቢኖር እውነት አለው። የጊዜ ገደቡን የቆረጠው ግን ባንኩ ነውና፣ በሰላሙም በሥጋቱም አገር አንድ ዓይነት ቀን ስለ ቆረጠ ምክንያቱን ሊያስረዳ ይገባው ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በወራት ውስጥም ከ120 አለፈ። በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ የተገኘው ገቢ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግማሽ ቢሊዮን እንኳ አልሞላም ነበር። የባንኩ ደጋፊዎች ይህን ውጤት ይጠቅሳሉ፤ መልካም ውጤት መሆኑም እሙን ነው። የወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ መናሩን ብንቀንስለት እንኳ፣ በድንበር ይሾልክ የነበረው ወርቅ ተመኑ ሲስተካከል ወደ ባንኩ መመለሱ፣ የቀድሞው ተመን ስሕተት እንደነበር ያስረዳል። በድሉ የሚመሰገን ተቋም፣ ድሉ ስለዘገየባቸው ዓመታትም መጠየቅ አለበት። ወርቅ የሌለው፣ ማዳበሪያና ዘይት የሚገዛው ገበሬ ደግሞ የዚያው ውሳኔ ሌላው ወገን ነው።

ብልህ ተቃዋሚ ግን እንዲህ ይላል፦ የባንክ ገዥ የሕዝብን ጩኸት እየሰማ ቢሠራ ፖለቲካ ይነዳዋል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ይሥራ። ይህ ሁለት ነገር ማደባለቅ ነው። የእኛ ባንክ የጎደለው ከግምጃ ቤቱ ነጻ መሆን ነበር፤ አዋጅ 591/2000 ተጠሪነቱን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አድርጎት ነበርና። ከሕዝብ ጥያቄ ግን ከበቂ በላይ ነጻ ነበር። እንግሊዞች በ1989 ዓ.ም. ለባንካቸው ወለድ የመወሰን ነጻነት ሲሰጡ፣ ግሽበቱ ከግቡ ከአንድ የመቶኛ ነጥብ በላይ ሲርቅ ገዥው ለገንዘብ ሚኒስትሩ ግልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍ አብረው አስገደዱ፤ ለምን እንደሳተና ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያነባል። ነጻነቱና ተጠያቂነቱ አብረው ተወለዱ እንጂ አልተጣሉም።

እኛም ዘንድ ባንኩ መልስ መስጠት አያውቅም ማለት አይቻልም። ለ3.4 ቢሊዮን ዶላሩ ብድር ሲባል በየጊዜው ለዓለም የገንዘብ ድርጅት በቁጥር የተለካ ሂሳብ ይቀርባል፤ ግቡ የተመታበትና የተሳተበት ይጻፋል። ዋሺንግተን ለተቀመጠው አበዳሪ የተቻለው ለነቀምቴ የማይቻልበት ምክንያት የለም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ 1359 የዋጋ መረጋጋትን ዋና ዓላማ አድርጎ የመንግሥትን ብድር መገደቡ ትልቅ እርምጃ ነው። ቀሪው ሥራ ባንኩ ግቡን በሳተ ቁጥር ምክንያቱን በአማርኛም በኦሮምኛም ጽፎ፣ በወለጋ ያለ ቡና ነጋዴ ሊያነበውና የምክር ቤት እንደራሴው ሊጠይቅበት በሚችል መልክ ማውጣት ነው።