የግንበኞቹ ዳስ

ሎጅ ሲባል ዛሬ ብዙዎቻችን የምናስበው ሐይቅ ዳር የተሠራ የቱሪስት ማረፊያ ነው። ስማቸውን ከግንበኞች የወረሱት ፍሪሜሶኖችም መሰብሰቢያቸውንና እዚያ የሚሰበሰበውን ማኅበር በዚሁ ስም ይጠሩታል። ስሙ ግርማና ምሥጢር ያዘለ ይምሰል እንጂ ዘሩ ከጫካ ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ሎዥ» ነው፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ከፍራንኮች ቋንቋ፣ «ላውቢያ» ከሚለው። በቅጠል የተሸፈነ መጠለያ ማለት ነው። ጀርመኖች የዛፍ ቅጠልን እስከ ዛሬ «ላውብ» ይሉታል። በእኛ አፍ ዳስ ነው። የሆቴል ሎቢም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

የግንበኞቹም ዳስ የምር ዳስ ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ካቴድራል ሲታነጽ ድንጋይ ጠራቢዎቹ ከግንቡ ሥር መጠለያ ይቀልሱ ነበር። እዚያው ይጠርባሉ፣ መሣሪያ ያኖራሉ፣ ይበላሉ፣ በበጋ ቀትር ላይ ጋደም ይላሉ። የዮርክ ካቴድራል በ14ኛው መቶ ዘመን ያወጣላቸው ደንብ የሥራ ሰዓታቸው ቀርቶ የቀትር እንቅልፋቸውን እንኳ ይወስናል፤ ዕረፍቱ ሲያበቃ አለቃቸው የዳሱን በር እንዲመታም ያዝዛል። የዛሬው የሎጅ አለቃ በመዶሻ ምት ስብሰባ ሲከፍት ያ በር ትዝ ይለኛል።

«ፍሪሜሶን» በሚለው ስም ላይ ያለው «ፍሪ» ብዙ አከራክሯል። ሰው «ነጻ ግንበኛ» ሲል ሰምቶ ስለ ነጻነት ትግል ያስባል። በ1351 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የእንግሊዝ የሠራተኞች ሕግ ግን በፈረንሳይኛ የሚጠቅሰው «የነጻ ድንጋይ» ዋና ግንበኛን ነው። ነጻ ድንጋይ የሚባለው ደቃቅና ወጥ ሆኖ ወደፈለጉት አቅጣጫ የሚጠረብ ድንጋይ ነው። ቃሉ ከሙያ ማኅበር አባልነት መብት የመጣ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ድንጋዩ አደላለሁ።

የግንበኞችን ደንብ ከያዙት የእንግሊዝ ጽሑፎች በዕድሜ የሚቀድመው «ረጂየስ» የተባለው፣ 600 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ በግጥም የተጻፈ ብራና ነው። ስለ ደመወዝና ስለ ሙያ ተለማማጅ ይደነግግና መጨረሻው ላይ የገበታ ሥርዓት ወደ ማስተማር ይዞራል፦ እጅህን ታጠብ፣ በማዕድ ፎጣ አትናፈጥ፣ ገበታ ላይ ጥርስህን አትጎርጉር። ይህ ክፍል ከሌላ የጨዋነት መማሪያ ግጥም የተቀዳ ነው። በዚያው ብራና ግንበኞች እርስ በርሳቸው «ፌሎው» እንዲባባሉ እንጂ አሽከር እንዳይባባሉ ታዟል። «ፌሎው» ከጥንታዊ ኖርስ «ፌላጊ» የመጣ ሲሆን «ፌ» ከብትም ገንዘብም ነው፤ በድሮ አማርኛ ከብት ሀብት ማለትም እንደነበረው ሁሉ። ስለዚህ ፌላጊ ገንዘቡን ከሌላው ጋር ያዋጣ ሰው ነው፤ ሸሪክ ብንለው አንሳሳትም። የሁለተኛው ማዕርግ ፍሪሜሶን ዛሬም ይህን ስም ይዟል።

ጄምስ አንደርሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ ቄስ በ1723 ለለንደን ሎጆች ባሳተመው ደንብ ገበታው ወደ መጠጥ ቤት ዞሯል፤ ሎጆቹ ያኔ የሚሰበሰቡት እዚያ ነበርና። አለቃው ሳይፈቅድ ለብቻ ማውራት፣ ወደ አለቃው የሚናገረውን ወንድም ማቋረጥ ክልክል ነው። ስብሰባው ካበቃ በኋላ መደሰት ይቻላል፤ ነገር ግን ወንድምን ከልኩ በላይ ብላ ጠጣ ብሎ ማስገደድ፣ ጉዳይ ኖሮት ሊሄድ ሲነሳም መያዝ አይገባም። «በሞቴ» እያለ ለሚያጎርስ ሕዝብ ይህ አንቀጽ ሳይከብድ አይቀርም። ስለ ሃይማኖትና ስለ መንግሥት ፖለቲካ መከራከርም ከሎጁ በር ውጭ ይቀራል።

አለቃውን የሚጠሩበት የማዕረግ ስም ብዙ ጥርጣሬ ቀስቅሷል፦ «ወርሺፕፉል ማስተር»። ዛሬ «ወርሺፕ» አምልኮ ስለሆነ ሰውየው የሚመለክ ይመስላል። ቃሉ ግን «ወርዝ» ከሚለው፣ ዋጋና ክብር ካለው ቃል የተሠራ ነው። በ1549ቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ሙሽራው ለሙሽራይቱ የሚገባው ቃል ኪዳን ላይ ይኸው ግሥ አለ፤ አከብርሻለሁ ማለቱ ነው እንጂ አመልክሻለሁ ማለቱ አይደለም። የለንደን ወርቅ ሠሪዎች ማኅበርም እስከ ዛሬ በዚሁ ቅጽል ይጠራል። ስለዚህ «ክቡር» ማለት ይበቃል። ፈረንሳዮቹ አለቃቸውን «ቬኔራብል» ይሉታል፤ ያ ደግሞ ሥሩ ቬኑስ ከተባለችው የፍቅር አምላክ ስም ጋር አንድ ነው። በሥርወ ቃል ሰውን እንክሰስ ካልን እነሱ ይብሳሉ።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ከበሩ ውጭ ሰይፉን መዝዞ የሚቆመው ዘበኛ «ታይለር» ይባላል። የሚያባርራቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ «ካወን» ነው፤ በስኮትላንድ ያለ ኖራ ድንጋይ የሚደረድር፣ እኛ ካብ የምንለውን የሚክብ ሰው። የስኮትላንድ ንጉሥ የሕንጻ ሥራ ኃላፊ ዊልያም ሾው በ1598 ባወጣው ደንብ ካወንን ሥራ ላይ ማስገባትን ከልክሏል። በ1707 እዚያው ስኮትላንድ የሚገኘው የኪልዊኒንግ ሎጅ ካወን ማለት «ቃሉን» የማያውቅ ግንበኛ ነው ሲል ጻፈ፤ ቃሉ አባላቱ የሚተዋወቁበት ምሥጢር ነበር። የእንጀራ ጉዳይ የነበረው በዚህ መንገድ የምሥጢር ጉዳይ ሆነ።

ሌላው ጆሮ ጠቢው ነው። እንግሊዝኛው «ኢቭስድሮፐር» ይለዋል፤ ከጣሪያ ጠርዝ የሚንጠባጠብ ውኃ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ የሚቆም ማለት ነው። በእንግሊዝ ይህ እስከ 1967 በሕግ ያስቀጣ ነበር። ሳሙኤል ፕሪቻርድ በ1730 የሎጆችን ምሥጢር አወጣሁ ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ የጆሮ ጠቢው ቅጣት ከስሙ የተቀዳ ነው፦ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ከጣሪያ ጠርዝ ሥር አቁሙት፣ ውኃው በትከሻው ገብቶ በጫማው እስኪወጣ።

ታይለር ራሱ ከየት መጣ? አንዳንዶች ከፈረንሳይኛው «ታዬ»፣ መቁረጥ ከሚለው ያመጡታል። ቀላሉ መልስ ግን የጣሪያ ሸክላ የሚያለብሰው ሠራተኛ ነው፤ ቤቱን ከላይ የሚዘጋው እሱ ነውና። ፈረንሳዮች ይህን ዘበኛ «ኩቭረር» ይሉታል፣ ጣሪያ ሠሪ ማለት ነው፤ አባል ያልሆነ ሰው መጠጋቱን ሲያዩም «ይዘንባል» ይባባላሉ። የእነሱ አጠራር ከእንግሊዝ የተወሰደ ስለሆነ ለእንግሊዝኛው ቃል አመጣጥ ማስረጃ አይሆንም። የሚያሳየው ቃሉን የተቀበሉት ሰዎች በውስጡ ጣሪያ እንደ ሰሙ ነው፤ መቁረጥን አልሰሙም።