ሕንፃ ያልነበረው ሲኒማ

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። አዲስ አበባ ላይ «የድሮ ሲኒማ ቤት የት ነበር?» ብትሉ ሲኒማ አምፒርን፣ ሲኒማ ኢትዮጵያን፣ አምባሳደርን ይጠሩላችኋል። በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመካነ ሰላም ብትጠይቁስ? እዚህ ላይ ጥያቄው ይከብዳል። በእንደዚህ ያሉ ከተሞች ሰው ተሰብስቦ የሳቀበትና ያለቀሰበት ቤት ብዙ ጊዜ በሩ ላይ «ሲኒማ» የሚል ጽሑፍ የለውም። ስለዚህ ሲጠፋም ማንም ልብ አይለውም።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ አስከፍለው ለሕዝብ ፊልም ያሳዩት በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ነው፤ ዓድዋ ሊደረግ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ማለት ነው። ፊልም አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ የሚንቀሳቀሰውን ምስል ጠረጠረው፤ ከመጀመሪያዎቹ ማሳያ ቤቶች አንዱንም «ሰይጣን ቤት» አለው። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ተጠናቆ ተከፈተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው እሱ ነው።

ታዲያ ሲኒማ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም እንዳይወጣ ምን ያስቸግረዋል? አንዱ መልስ ርዝመት ነው። እናስላው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ ምስል 19 ሚሊ ሜትር ይይዛል። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም 129,600 ምስል ነው። ቢዘረጋ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል! ይህን ጥቅልል በመኪና አመላልሱት፤ ትልቁን ፕሮጀክተር፣ መብራቱንና ባለሙያውን ጨምሩበት። የትንሽ ከተማ የመግቢያ ሒሳብ ይህን ሁሉ እንዴት ይሸፍን?

መድረክ ግን አልጠፋም። በደርግ ዘመን ቀበሌዎችና የወጣት ማኅበራት የየራሳቸው ኪነት ነበራቸው። ጠዋት ስብሰባ የተደረገበት አዳራሽ ማታ ቴአትርና ዘፈን ይታይበታል። በወሎ ስሙ የገነነው እነ ማሪቱ ለገሰ ያለፉበት የላሊበላ ኪነት ነው።

ከዚያ የቪዲዮ ካሴት መጣ። ያ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ፊልም የካፖርት ኪስ ውስጥ ገባ! አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ መብራት ከሌለ ደግሞ አንድ ጄኔሬተር፤ በቃ፣ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። በየትናንሽ ከተሞቻችን መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ልጆች አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው የህንድና የካራቴ ፊልም ያዩት እንዲህ ነው።

ቪዲዮ ቤትን ወደ ትንሽ ከተማ ያመጣው የዕቃው መቅለል ነበር። የገደለውም ያው ነው። ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ ስልክ፤ ፊልሙ ከክፍሉ ወጥቶ በየኪሳችን ገባ። ኪራይ ክፍሉም ሱቅ ወይም መኖሪያ ሆነ። ፕላን የለው፣ የምረቃ ፎቶ የለው፣ መዝገብ የለው።

እዚህ ላይ ነው የታሪክ ምሁራን አንድ ዘዴ የሚጠቅማችሁ። የቃል ታሪክ ይባላል። አጎታችሁን «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብትሉት ላያስታውስ ይችላል። «ደርግ ከመውደቁ በፊት ነው በኋላ? የፈረንሳይን ዓለም ዋንጫ እዚያ አይታችኋል?» በሉት። የመጀመሪያው ግንቦት 1983 ነው፤ ሁለተኛው ሰኔና ሐምሌ 1990። ዓመቱ በሁለት ችካል መካከል ይያዝላችኋል። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ እሱ በሌለበት ለሌላ ሰው አቅርቡ። ሁለቱ ከተስማሙ ጥሩ ነው፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ፈልጉ። ክፍሉ የት እንደነበር፣ መግቢያው ስንት እንደነበር፣ ሴቶች ይገቡ እንደሆነም ጠይቁ። ስማቸውንና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

የቀበሌው አዳራሽ መድረክ ላይ የወጡት ወጣቶች ዛሬ አያቶች ናቸው። ሕንፃ ቢፈርስ ቢያንስ ፎቶው ይቀራል፤ የዚህ ሲኒማ መዝገብ ግን እነሱ ብቻ ናቸው። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ጠይቋቸው።