ውክልና የሰጡ አረጋውያን የንብረት ጥበቃ

አዲስ አበባ፦ በልደታ ክፍለ ከተማ ለረጅም ዓመታት የኖሩ አረጋውያን የንብረት ጥበቃ ጉዳይ ከቤቶቹ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት በሆነበት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 አፈጻጸም፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ ሥር እንዲተዳደሩ ተደርጓል። በዚህም ምክንያት ብዙው ነዋሪ ለአሥርተ ዓመታት ተከራይ እንጂ ባለንብረት አልነበረም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በክፍለ ከተማው የተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ አሮጌ መንደሮችን አንስቶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችን ሲተካ፣ ከተነሺዎቹ ከፊሎቹ በስማቸው የተመዘገበ ቤት ባለቤት ሆኑ። ከጡረታ አበል በቀር ሌላ ገቢ ያልነበራቸው እናትና አባት በመሐል ከተማ ሊሸጥና በመያዣነት ሊቀርብ የሚችል ሀብት ያዙ ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ሀብት ለመጠቀም የሚሻው ሰው ብዙውን ጊዜ ከውጭ አይመጣም። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የወንድም ልጅ ወይም አስታማሚ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት የታተመና በ28 ሀገሮች የተካሄዱ 52 ጥናቶችን ያጠቃለለ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል 15.7 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ልዩ ልዩ በደል ደርሶባቸዋል። በገንዘብና በንብረት ላይ የደረሰው በደል ለብቻው 6.8 በመቶ ነው።

በሀገራችን ለዚህ በደል በር ሊከፍት የሚችለው ሰነድ ውክልና ነው። ሰነዱ የሚሰጠው በበጎ ምክንያት ነው። እናት ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው፣ የባንክ ወረፋ ሲከብዳቸው ወይም ውጭ ሀገር ያለ ልጅ የሚልከው ገንዘብ መቀበያ ሲያስፈልገው ከልጆቹ አንዱ ይወከላል። ችግሩ የሚጀምረው ለአንድ ጉዳይ የታሰበው ውክልና ለሁሉም ጉዳይ ሲውል ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ ግልጽ ድንጋጌዎች አሉት። በአንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ለመሥራት ብቻ ሥልጣን ይሰጣል፤ ይኸውም ንብረትን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል የመሳሰሉት ናቸው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ በመያዣነት ለመስጠት ወይም ስጦታ ለማድረግ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ በሚጻፉ ሰነዶች ላይ “ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ” የሚሉት ቃላት እንደ ልማድ በአንድ ትንፋሽ ሲደረደሩ ይስተዋላል። ጡረታ ለማስቀበል የመጡ አባት ቤታቸውን የሚያሸጥ ሰነድ ላይ ሊፈርሙ የሚችሉትም በዚህ መንገድ ነው። ጸሐፊው ጥቂት መስመሮችን መተዉ ብቻ ብዙ ክርክር ሊያስቀር ይችል ነበር።

የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ሰነድ አረጋጋጩ የፈራሚዎችን ችሎታና ሥልጣን እንዲያጣራ ያዛል። ማጣራቱ ግን መታወቂያ በማየት ብቻ የሚያበቃ ሊሆን አይገባም። አረጋዊውን ካመጣቸው ዘመድ ለይቶ ማነጋገር፣ ሰነዱን ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብና “ይህ ወረቀት ልጅዎ ምን እንዲያደርግ ይፈቅዳል?” ብሎ በራሳቸው አነጋገር እንዲመልሱ መጠየቅ ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። በአንቀጽ 1728 መሠረት የዓይነ ስውር ፊርማ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም። በቤት ውስጥ በአሻራ ብቻ የተሠራ ወረቀት ይዞ የሚቀርብ ዘመድ ሲያጋጥም የወረዳ ሠራተኞች ይህን ማስታወስ ይገባቸዋል።

ውክልና ከተሰጠ በኋላ ሊነሣ እንደሚችል የሚያውቁ አረጋውያን ብዙ አይደሉም። አንቀጽ 2226 ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን የመሻር መብት ሰጥቶታል፤ “የማይሻር ውክልና” ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ይህን መብት የሚከለክል የውል ቃል ዋጋ የለውም። ይሁንና ሽረቱን በመዝገብ ማስፈር ብቻ በቂ አይደለም። ውክልናውን የሚያውቀው ባንክ ወይም የቤቶች ጽሕፈት ቤት ስለ መሻሩ ካልተነገረው፣ ቀድሞ የተወከለው ሰው በእጁ ባለው ሰነድ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ዋናውን ሰነድ ማስመለስና የሽረቱን ቅጂ ለእነዚህ ተቋማት ማድረስ ያስፈልጋል። ወኪሉ በማናቸውም ጊዜ ሲጠየቅ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በአደራ የተቀበለውን ገንዘብ ለራሱ ጥቅም ካዋለም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 የተመለከተው የእምነት ማጉደል ወንጀል ሊያስጠይቀው ይችላል።

ሌላው በብዛት የሚዘነጋው የሞት ጉዳይ ነው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ከቀብር በኋላ በአባቱ ውክልና ገንዘብ የሚያወጣ ልጅ የወራሾችን ገንዘብ ያለ ሥልጣን ያንቀሳቅሳል፤ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው ፍርድ ቤት እንጂ አሮጌው ውክልና አይደለም።

ዕድሜ ብቻውን ችሎታን እንደማያሳጣም መታወቅ አለበት። ማንኛውም ሰው ችሎታ አለው ተብሎ ይገመታል። በጽኑ ሕመም ምክንያት ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን መምራት የተሳናቸው ሰዎች በአንቀጽ 340 መሠረት ሕጉ ለአእምሮ ሕሙማን ያደረገውን ጥበቃ ሊጠይቁ ይችላሉ። ፍርድ ቤት የክልከላ ውሳኔ እንዲሰጥም ራሳቸው፣ የትዳር ጓደኛቸው፣ ዘመዶቻቸው ወይም ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላሉ። ሆኖም ክልከላ አረጋዊውን ከራሳቸው ንብረት አስተዳደር የሚያስወጣ ከባድ እርምጃ በመሆኑ፣ ቤቱን ለመቆጣጠር የሚጣደፍ ዘመድ መሣሪያ እንዳይሆን አመልካቹ ማን እንደሆነና ከውሳኔው ምን እንደሚያገኝ ማጤን ተገቢ ነው።

ሰነዱ በማታለል ወይም በማስገደድ የተፈረመ ከሆነ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። በአንቀጽ 1810 መሠረት ክሱ መቅረብ ያለበት ውሉን የሚያፈርሰው ምክንያት ከቀረበት ጊዜ አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። አቤቱታ ይዘው ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚመጡ አረጋውያንን ጉዳዩ በሽምግልና እስኪያልቅ ድረስ እያሉ ማመላለስ ይህን ጊዜ ሊያሳልፍባቸው ይችላል።