የእስያ ጥበብ ከጐንደር እስከ ደረስጌ

በስሜን፥ በጃናሞራ የሚገኘው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታሪክ ከፍ ያለ ስም አለው። ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ነገር ግን ለእርሳቸው ንግሥ በታሰበው በዚሁ ስፍራ፥ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ደጃች ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በሕንፃው ሥራ ሺምፐርና ዛንደር የተባሉ ጀርመናውያን ስለ ረዱ፥ የደረስጌን ጥበብ የአውሮፓ ፍሬ ብቻ አድርጎ የሚመለከት አይጠፋም። ይሁን እንጂ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች የጐንደርን ልማድ የተከተሉ ናቸው፤ የጐንደር ጥበብ ደግሞ ከእስያ ጋር የቈየ ዝምድና ነበረው።

ይህ ዝምድና አስቀድሞ በኖራ ታየ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ በ1613 ዓ.ም. ገደማ፥ ከህንድ የመጣ ባለሙያ የኖራን ድንጋይ ለይቶ አሳየ። የደንቀዝን ቤተ መንግሥት ከሠሩት ግንበኞችም አንዱ ህንዳዊ፥ ሌላው ግብፃዊ ነበሩ። ዐፄ ፋሲል በጐንደር ያቆሙት ግንብ ይህንኑ ሙያ ወረሰ።

ከኖራው ቀጥሎ ጨርቁ መጣ። በ1723 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ነግሠው እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ መንግሥቱን በሚመሩበት ዘመን፥ ሠዓልያን እመቤታችንንና ቅዱሳንን በምጽዋ በኩል ከህንድ የሚገባውን አበባማ ግምጃ የመሰለ ልብስ አልብሰው ይሥሉ ነበር። እንዲሁም በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱት፥ ዛሬ በቶሮንቶና በለንደን ሙዚየሞች ያሉት ታላላቅ መጋረጃዎች ከቻይና በመጣ ሐር የተሠሩ ናቸው፤ የቶሮንቶው ቁመት ከ5 ሜትር ይበልጣል። ክሩ ከሩቅ አገር ቢመጣም፥ በላዩ የተሸመኑት የቤተ መንግሥት ሰዎች አለባበስና አቋቋም የኢትዮጵያ ነው።

እንግዲህ የጐንደር ሰው ከእስያ የተቀበለው ዕቃንና ሙያን እንጂ የሥዕሉን ትርጕም አይደለም። አበባው የህንድ ቢሆንም፥ ልብሱን የሚለብሰው ማን እንደ ሆነ፥ በመቅደሱ ደጅ ሚካኤልና ገብርኤል እንዲቆሙ የሚወስነው የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነው። ሁሉን ለባዕድ መስጠትም ሆነ ከባዕድ የመጣውን መካድ እኩል ስሕተት ነው።

ስለዚህ በአሮጌ ሥዕል ላይ ያለ የልብስ አበባ ተራ ጌጥ አይደለም፤ ከምጽዋ እስከ ስሜን የተጓዘ የንግድ ምስክር ነው። በፋብሪካ ቀለም የሚያድሰው እጅ አበባውን ቢደመስሰው፥ የቅዱሱ መልክ ቢቀር እንኳ ምስክሩ ይጠፋል።