ኤድሂ ፋውንዴሽን፦ የአባት ስም ለሌላቸው ልጆች የቆመ ቤት

በፓኪስታን ውስጥ በኤድሂ ፋውንዴሽን ማዕከላት በር ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ አንድ ትንሽ የሕፃን አልጋ ትቀመጣለች። በኡርዱ «ጁላ» ይሏታል። አጠገቧ ያለው ጽሑፍ ለሚያልፍ ሁሉ የተጻፈ ቢመስልም ዓላማው አንዲት የተጨነቀች እናት ነች፤ ልጅሽን አትግደዪ፣ እዚህ አስተኝተሽው ሂጂ ይላታል። ማንም ወጥቶ ማን ነሽ ብሎ አይጠይቃትም። ከየት መጣሽ፣ አባቱ ማን ነው የሚል ጥያቄ የለም። እሷ ከሄደች በኋላ ሕፃኑን አንስተው ያስገቡታል።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ድርጅት እናስተዋውቃችኋለን። ብዙ አንባቢዎቻችን ኤድሂን የሚያውቁት በአምቡላንሶቹ ነው፤ እውነትም ከሺህ በላይ አምቡላንስ አሰማርቶ በዓለም መዝገብ የሰፈረ ድርጅት ነው። እኛ ግን ወደ አልጋዋ እንመለሳለን፤ ከአልጋዋ በስተጀርባ የእኛንም ማኅበረሰብ የሚመለከት ጉዳይ አለና።

መሥራቹ አብዱል ሰታር ኤድሂ የተወለዱት በህንድ ጉጅራት ግዛት፣ ባንትቫ በምትባል ከተማ፣ ሜመን ከሚባሉት ነጋዴ ሙስሊሞች ወገን ነው። እናታቸው በየዕለቱ ሁለት ሳንቲም ትሰጣቸው ነበር፤ አንዱ ለራሳቸው፣ ሌላው ከእሳቸው ለባሰበት። የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ሽባ ሆነች። ማጠቡም፣ ማብላቱም፣ ልብስ መቀየሩም በልጅየው ላይ ወደቀ፤ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ለዓመታት አስታመሟት። በ1947 (እ.ኤ.አ.) ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ቤተሰቡ ወደ ካራቺ ተሰደደ። በመጀመሪያ የሠሩት ሜመኖች ባቋቋሙት የበጎ አድራጎት ክሊኒክ ውስጥ ነበር። ክሊኒኩ የሚያክመው ሜመኖችን ብቻ መሆኑን ሲያዩ ተቃወሙ፤ አልሰማ ሲሏቸው ተለይተው በ1951 ሚታደር በተባለው አሮጌ ሰፈር የራሳቸውን ትንሽ የመድኃኒት መስጫ ከፈቱ። በ1957 ካራቺን ኢንፍሉዌንዛ ሲመታት ድንኳን ተክለው ሕዝቡን አከሙ። የመጀመሪያዋን አሮጌ መኪና የገዙትም በዚያ ሰሞን ባገኙት እርዳታ ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ነርስነት ልትማር ከመጣች ወጣት ጋር ተጋቡ። ስሟ ቢልቂስ ነው፤ ለእኛ ሀገር ሰው እንግዳ ስም አይደለም፣ የሰበእ ንግሥት ስም ነው። ከዚያ በኋላ የአልጋዋ ነገር፣ የሴቶቹ መጠለያና የልጆቹ ጉዳይ በአብዛኛው በእሳቸው እጅ ሆነ። ሚያዝያ 2022 እስኪያርፉ ድረስ «የፓኪስታን እናት» ተብለው የተጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ድርጅቱ በጁላዎቹ በኩል ከ20,000 በላይ ሕፃናትን መቀበሉን ይናገራል። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

አልጋዋ ያልደረሰችላቸውም አሉ። ከቆሻሻ መጣያና ከቦይ የሚገኙ የሕፃናት አስከሬኖችን አንስቶ፣ አጥቦ የሚቀብረው ይኸው ድርጅት ነው። በሚሠራባቸው ከተሞች በ2008 ያነሣቸው 890 ነበሩ፤ በ2010 ቁጥሩ 1,210 ደረሰ። ከእነዚህም የሚበዙት ሴቶች ናቸው። በሕይወት የተቀበረችው ልጅ በምን ኃጢአት እንደተገደለች የምትጠየቅበትን የሱረቱ-ተክዊር አንቀጽ ለሚቀራ ሙስሊም ይህ ቁጥር የጃሂሊያ ዘመን ታሪክ አይደለም።

አልጋዋ ስትወጣ ከአንዳንድ ዑለማዎች ከባድ ተቃውሞ ገጠማት። ዝሙትን ታበረታታለች፣ ነውርን ትሸፍናለች ተባለ። ኤድሂ የሚመልሱት ሕፃኑ ምንም አላጠፋም እያሉ ነበር። እንደ እኛ እምነት በዚህ ክርክር ውስጥ የፊቅህ ሚዛን ወደ ኤድሂ ያደላል። ወላጁ ሳይታወቅ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን በፊቅህ መጻሕፍት «ለቂጥ» ተብሎ የራሱ ምዕራፍ አለው። ለቂጥን ማንሣት ፈርዱል ኪፋያ ነው፤ ሁሉም ትቶት ካለፈ ሁሉም ይጠየቃል። ዑመር (ረ.ዐ.) ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ይዞ ለመጣ ሰው ልጁ ነጻ ነው፣ ወጪውም ከበይቱል ማል ነው ብለው መፍረዳቸው የታወቀ ነው። በዘመናችን ቋንቋ ስንለው የተጣለ ልጅ በመንግሥት ካዝና ላይ መብት አለው ማለት ነው። በፓኪስታን ግን ሕፃን የጣለ ወላጅ እስከ ሰባት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። የፈራች እናት ከእስራቱም ከሐሜቱም ለማምለጥ ጨለማን ትመርጣለች። አልጋዋ የተቀመጠችው እናትየው እንዳትጠየቅ ብቻ ሳይሆን ልጁ እስኪነጋ እንዲደርስ ነው።

ልጁ ከተረፈ በኋላ ሁለተኛው ችግር ይመጣል፤ የማን ልጅ ተብሎ ይመዝገብ? ቁርዓን በሱረቱል አሕዛብ ልጆችን በአባቶቻቸው ስም እንድንጠራ ያዛል፤ አባቶቻቸው ካልታወቁም የሃይማኖት ወንድሞቻችን ናቸው። ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ይባሉ የነበሩት ሰሐባ ወደ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ የተመለሱት በዚህ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ አሳዳጊው የራሱን ስም ሰጥቶ ወላጅ አባቱ ነኝ ማለት አይችልም። ማሳደጉ ግን፣ ከፋላው፣ ከታላላቅ ዒባዳዎች አንዱ ነው፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሁለት ጣቶቻቸው ያመለከቱበትን ሐዲስ ከመካከላችን ያልሰማ የለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ20ኛው አንቀጹ የእስልምናን ከፋላ በስሙ ጠቅሶ ከአማራጭ እንክብካቤዎች አንዱ አድርጎታል።

ፓኪስታን ውስጥ እንደ አውሮፓ ያለ ሙሉ የጉዲፈቻ ሕግ የለም። ልጅ የሚወስዱ ባልና ሚስት በ1890 በወጣው የአሳዳሪነት ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት ቀርበው አሳዳሪ ይሆናሉ። ቢልቂስ ልጅ ፈላጊዎቹን ራሳቸው ያነጋግሩ ነበር። ቅድሚያው ልጅ ላልወለዱ ባለትዳሮች ነው፤ ለልጁ ገንዘብ አይከፈልም። ወደ ቤተሰብ ያልሄዱት ግን በማዕከሉ ውስጥ አድገው 18 ዓመት ሲሞላቸው ግድግዳ ይገጥማቸው ነበር፤ የመታወቂያ ቅጹ የአባት ስምና የአባት መታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል። ያለ መታወቂያ ፈተና መቀመጥ፣ ሥራ መቀጠር፣ ፓስፖርት ማውጣት ዘበት ነው። ኤድሂ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። በ2014 ናድራ የተባለው የመታወቂያ ባለሥልጣን ወላጆቻቸው ያልታወቁ የማሳደጊያ ልጆች የሚመዘገቡበትን ደንብ አወጣ፤ የማሳደጊያው ኃላፊም በአሳዳሪነት መመዝገብ ቻለ። ከሺህ አምቡላንስ በላይ ይህ ወረቀት ይበልጣል የሚል ሰው ቢኖር አንከራከረውም።

የእኛ ሀገር ሁኔታ ለየት ይላል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻን ይፈቅዳል፤ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጠራል። በዚህ መንገድ ልጅ ማሳደግ የሚፈልጉ ሙስሊም ቤተሰቦች ሦስት ነገር ቀድማችሁ ዓሊሞቻችሁን ብትጠይቁ ይበጃል። አንደኛው የዘር ሐረጉ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ውርስ ነው፤ በሸሪዓ ያደገ ልጅ ወራሽ ባይሆንም እስከ ሲሶ ድረስ በኑዛዜ ልትሰጡት ትችላላችሁ፣ በሕይወት ሳላችሁም ስጦታው ክፍት ነው። ሦስተኛው መሕረምነት ነው፤ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አሳዳጊዋ ወይም እህቷ ካጠባችው (በሻፊዒይ መዝሀብ አምስት ጊዜ) የጡት ልጅነት ይጸናል፣ ሲያድግም በቤት ውስጥ የሒጃብ ችግር አይኖርም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ኤድሂ የመንግሥትን ገንዘብ አይቀበሉም ነበር፤ ጄኔራል ዚያ ኡል-ሐቅ የላኩትን ሳይቀር መልሰዋል። ድርጅቱ የሚኖረው ከተራው ሕዝብ በሚወጣ ዘካና ሰደቃ ነው። ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ መንገድ ዳር ተቀምጠው ልብሳቸውን ዘርግተው ይለምኑ ነበር። በዒድ አል-አድሃ ደግሞ የኡዱሒያ ቆዳ ይሰበሰባል። የቆዳው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በካራቺ የፖለቲካ ፓርቲዎች ሳይቀሩ ይሻሙበት ነበር። በጥቅምት 2014 የታጠቁ ዘራፊዎች ሚታደር ወደሚገኘው ቢሮ ገብተው ሽማግሌው ከመኝታቸው ሳይነሡ ሕዝብ በአደራ ያስቀመጠውን ወርቅና ገንዘብ ወሰዱ። ከተማው ይህን ሲሰማ አፈረ፤ ልገሳውም ቀጠለ።

የጊታን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። መስማትና መናገር የማትችል ህንዳዊት ልጅ ነች፤ በባቡር ድንበር ተሻግራ ላሆር ላይ ተገኘች። ከየት እንደመጣች መናገር ስላልቻለች ካራቺ፣ ቢልቂስ ዘንድ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረች። ሂንዱ መሆኗ በምልክቷ ሲታወቅ ቢልቂስ ለአምልኮዋ የሚሆን ቦታ በቤቱ ውስጥ አዘጋጁላት እንጂ ሃይማኖቷን እንድትቀይር አልጫኗትም። በጥቅምት 2015 ወደ ህንድ ተመለሰች። ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ለድርጅቱ አሥር ሚሊዮን ሩፒ እንደሚሰጡ አስታወቁ፤ ኤድሂ አመስግነው አልቀበልም አሉ።

አብዱል ሰታር ኤድሂ ለዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ሐምሌ 8 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። የዓይናቸው ብሌን ለሁለት ሰዎች እንዲሰጥ ተናዘው ነበር፤ ተሰጠ። ድርጅቱን የሚመሩት ልጃቸው ፈይሰል ናቸው። የአምቡላንስ መጥሪያው ቁጥር 115 ነው፤ አልጋዋ ግን መጥሪያም ደወልም የላትም፣ ዛሬም ከበሩ ውጭ ናት።