የሰሜን አማልክት፤ ከብራና እስከ ጌም ቤት



ሰሞኑን ከገበያው ጀርባ ባለችው ጌም ቤት በር ላይ ቆም ብለን ነበር። ልጆቻችን ተራ ይዘው፣ አንድ ጢማም ጎልማሳ በበረዶ ውስጥ መጥረቢያ ሲወረውር ይመለከታሉ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ዘወር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ቶር የሚሉት በእውነት ነበረ እንዴ?» ሲል ጠየቀን። «ነበረ» ብንል ውሸት ይሆናል፤ «አልነበረም» ብለን ብናልፍም ልጁን አንድ ትልቅ ታሪክ እናሳጣዋለን። ስለዚህ መልሱን በዚህች በእጅ በምንጽፋት መጽሔታችን ልናቀርብ ወደድን።

ቶርና አባቱ ኦዲን፣ ዛሬ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና አይስላንድ በምንላቸው አገሮች ይኖር የነበረው ሕዝብ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ያመልካቸው የነበሩ አማልክት ናቸው። ሕዝቡ ሩን የሚባል ፊደል ነበረው፤ ይሁን እንጂ በአብዛኛው በድንጋይና በእንጨት ላይ አጫጭር ቃላት ለመቅረጽ እንጂ መጽሐፍ ለመጻፍ አልዋለም። ተረቱ ለብዙ ዘመን ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ቆየ።

በብራና ላይ በሰፊው ያሰፈሩት አይስላንዶች ናቸው። እነዚህስ እነማን ናቸው? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ870ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይ ከኖርዌይ፣ ባሕር ተሻግረው በዚያች ደሴት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። የራሳቸው ትረካ እንደሚለው አንዳንዶቹ የንጉሥ ሃራልድን አገዛዝ ሸሽተው የመጡ ነበሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የአማልክቱን ታሪክ ከሁሉ አብልጦ ያቆየልን በአገሩ የቀረው ሳይሆን ከአገሩ የወጣው ነው።

አይስላንድ በ1000 ዓ.ም. ገደማ ክርስትናን ተቀበለች። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1220 አካባቢ፣ ስኖሪ ስቱርሉሶን የተባለ ሹምና ባለቅኔ ኤዳ የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጀ። ስኖሪ ክርስቲያን ነበር፤ ኦዲንን አያመልክም። ታዲያ ለምን ደከመ? የአገሩ ቅኔ እንደኛው ሰምና ወርቅ፣ የተሸፈነ ፍች ነበረው። ባለቅኔው ወርቅን «የሲፍ ፀጉር» ይለዋል። ሎኪ የቶርን ሚስት የሲፍን ፀጉር እንደ ቆረጠና ድንኮች በምትኩ የወርቅ ፀጉር እንደ ሠሩላት ያላወቀ ወጣት ቅኔውን ሊፈታ አይችልም። ስኖሪ የፈራው ተረቱ ሲጠፋ ቋንቋው አብሮ እንዳይደኸይ ነው። እርሱም ቢሆን የራሱን ጨምሯል፤ በመቅድሙ ላይ አማልክቱ ከትሮይ ከተማ የመጡ ሰዎች ነበሩ ይላል። ስለዚህ ጥንቱን እንደ ገዛ ዘመን መተርጎም በጌም የተጀመረ አይደለም።

አሁን ወደ ጌም ቤታችን እንመለስ። በ2018 የወጣው «ጎድ ኦፍ ዋር» ከግሪክ ተረት ነቅሎ ወደ ሰሜን ያመጣውን ክራቶስን ያሳየናል። እርሱና ልጁ የሞተችውን እናት አመድ ይዘው ከከፍተኛው ተራራ ላይ ሊበትኑት ይጓዛሉ። በመንገድ ላይ ባልደርን ያገኙታል። በኤዳ የባልደር እናት ፍሪግ፣ ልጇ እንዳይሞት እሳትንና ውሃን፣ ብረትንና ድንጋይን፣ እንስሳትንና ዛፎችን ታስምላለች፤ ገና ለጋ ናት ብላ የተወቻት አንዲት ተቀጥላ ግን በሎኪ ተንኮል ትገድለዋለች። በጌሙ እናቲቱ ፍሬያ ሆናለች፤ ድግምቷም ልጇን ከሞት ሲጠብቀው ሕመምንም፣ ሙቀትንም፣ የምግብን ጣዕምም ይነሳዋል። በዚህም ይጠላታል። ጥንታዊው ተረት ሞት እንደማይቀር ሲያስተምር፣ አዲሱ ፍቅርም ሊያስር እንደሚችል ይናገራል።

ከዚህ የበለጠው ለውጥ በግዙፎቹ ላይ የተደረገው ነው። ኤዳ የሚናገረው በአብዛኛው ከአማልክት ወገን ሆኖ ነው፤ ቶር በመዶሻው ግዙፎችን ሲደመስስ ጠባቂ ይባላል። ጌሙ ግን ወደ ተገደሉት ዞሮ ይቆማል፤ ግዙፎቹ ታሪካቸውን በእንጨት ላይ ሥለው የጠፉ ሕዝብ ናቸው። በ2022 በወጣው ተከታዩ ክፍል ደግሞ ኦዲን በለሰለሰ አንደበት የሚናገር፣ በቁራዎቹ የሚሰልል ገዥ ነው። እንዲህ ያለውን ገዥ ለመረዳት እኛ አስተማሪ አያሻንም።

በ2014 የወጣው «ባነር ሳጋ» ደግሞ የበለጠ ይቀርበናል። እዚያ አማልክት ሞተዋል፤ ፀሐይ በሰማይ ቆማለች፤ ሕዝቡ ቀዬውን ትቶ ተከታትሎ ይጓዛል። ተጫዋቹ ስንቅ ይቆጥራል፤ ስንቅ ሲያልቅ ሰው ይጎድላል። ይህን ለመጫወት እኛ ዘንድ ገንዘብ የሚከፍል ይኖር ይሆን?

ታዲያ ይህ ሁሉ ተረቱን ማበላሸት ነው? እኛ አይመስለንም። እርግጥ፣ ሰው የወደደውን ሁሉ በስሙ ሊሠራበት ይችላል፤ የሂትለር ሰዎች የሩንን ፊደል የክፋታቸው ምልክት አድርገውት ነበር። ነገር ግን ብራናው ስላለ፣ የተጨመረውንና የተቀነሰውን ማንም ሄዶ ያመሳክራል። ጥንታዊ ግጥሞቹን የያዘው ብራና በ1662 ለዴንማርክ ንጉሥ ተልኮ፣ በ1971 ወደ አይስላንድ ሲመለስ ብዙ ሕዝብ ወደብ ወጥቶ ተቀብሎታል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

እኛስ? በዚህ ካምፕ በየድንኳኑ ስንት ተረት የያዙ እናቶችና አባቶች አሉ! ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ያለፉት አዛውንት የሚያውቁትን ማን ጻፈው? ነገ አንድ ሰው ስለ እኛ ጨዋታ ቢሠራ፣ ልጆቻችን «እንዲህ አይደለም» ብለው የሚያመሳክሩበት ምን አላቸው?

በጥንታዊው ግጥም መጨረሻ፣ ዓለም ከጠፋ በኋላ ምድር ለምልማ ከባሕር ትወጣለች፤ የተረፉትም አማልክት ቀድሞ ይጫወቱባቸው የነበሩትን የወርቅ ጠጠሮች በሣሩ ውስጥ ያገኛሉ። ለጠየቀን ተማሪ መልሳችን ይኸው ነው፤ ቶር አልነበረም፤ ስለ ቶር የጻፉት ስደተኞች ልጆች ግን ነበሩ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘህ፣ ዛሬ ማታ ወደ አያትህ ዘንድ ሂድ።