ደለል የጻፈው የኩሬ ታሪክ

ቤልጂየም ውስጥ፣ ሉቨን ከተማ አጠገብ ባለችው አውድ-ሄቨርሌ፣ የሁለት ባላንጣዎችን የአሥርት ዓመታት ፍልሚያ በጭቃው ያኖረ ኩሬ አለ። አንዷ የውኃ ቁንጫ የሚሏት ዳፍኒያ ናት፤ ቁመቷ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ሌላው ፓስቱሪያ ራሞሳ የተባለ ጥገኛ ባክቴሪያ ነው፤ ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ ያመክናታል፣ ስትሞትም ስፖሩ ከሬሳዋ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። እሷም ክፉ ቀን ሲመጣ እንቁላሏን ኮርቻ በሚመስል ቅርፊት ሸፍና ትጥላለች። ደለሉ ሲደራረብ የአንድ ዘመን እንቁላልና የዚያው ዘመን ስፖር ጎን ለጎን ይቀበራሉ፤ ከዓመታት በኋላም ሁለቱንም መቀስቀስ ይቻላል። ዜና መዋዕልን የሚያጽፈው አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊው ነው፤ ይህ መዝገብ ግን ተሸናፊውንም ከነነፍሱ አስቀምጦታል።

ስለ በሽታ የለመድነው ትረካ የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም ነው፦ ልጅ ከአባቱ የተሻለ ጋሻ ይይዛል፣ ጥገኛውም የተሻለ ጦር። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የኋለኛው ዘመን ባክቴሪያ የቀድሞዋን ዳፍኒያ በቀላሉ በረታ ነበር። ኤለን ዴካስተከርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከየንብርብሩ የተፈለፈሉትን ዳፍኒያዎች ከቀደመው፣ ከራሳቸውና ከተከታዩ ዘመን ስፖር ጋር ቢያገናኟቸው፣ በአማካይ ይበልጥ የበከላቸው የራሳቸው ዘመን ባክቴሪያ ሆነ። ምክንያቱ ብዙኃንነት ራሱ አደጋ መሆኑ ነው። ባክቴሪያው የሚላመደው በኩሬው ለበዛው የዘረ-መል ዓይነት ነው፤ የበዛው ሲመነምን ብርቅ የነበረው ተራውን ይበዛል፣ ባክቴሪያውም ፊቱን ወደዚያ ያዞራል።

አሮጌ ስፖር ደክሞ ይሆናል የሚል ሙግት ይነሣ ይሆናል። እድሜ ቢያደክመው ኖሮ ግን ትኩስ የሆነው የተከታዩ ዘመን ስፖር ከሁሉም በበረታ ነበር፤ አልበረታም። የሚከብደው ሙግት ሌላው ነው፦ ባክቴሪያው በያዛት ዳፍኒያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዘመናት ውስጥ እየከፋ መሄዱን ያው ጥናት አግኝቷል። ይህ በእርግጥ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ለውጥ ነው፣ መካድም አይገባም። ነገር ግን ከገባ በኋላ የሚሆነውን እንጂ መግባት አለመግባቱን አይነግረንም፤ የመበከል አቅሙማ በዘመናቱ ውስጥ እምብዛም አልተለወጠም።

በሩ የት እንደሆነ ለማወቅ ረጅም ጊዜ ፈጅቷል። ኢሊያ ሜችኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1884 የዳፍኒያ የደም ሕዋሳት የእርሾ ስፖርን ከብበው ሲያጠፉ ያየውን ጻፈ፤ ፓስቱሪያን ለሉዊ ፓስተር መታሰቢያ የሰየመውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ኖቤል ከተሸለመ ወዲህ መከላከያ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ደም ውስጥ ያለው ዘበኛ ሆነ። የፓስቱሪያ ዕጣ ግን ከደም በፊት ይወሰናል፦ ስፖሩ የጉሮሮዋ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ይገባል፣ ካልተጣበቀ ተውጦ ይወጣል። ባዝል ላይ በዲተር ኤበርት ቤተ ሙከራ የተገኘው፣ መጣበቅ አለመጣበቁን የሚወስነው የዘረ-መል ስፍራም ስኳርን ከፕሮቲን ጋር የሚያያይዙ ዘረ-መሎችን ይዟል። በድሮው ትርጉም እነዚህን መከላከያ ለማለት ያስቸግራል፤ ጠባቡ ግን ትርጉሙ ይመስለኛል። የተሸነፈው ዓይነት ጠፍቶ ስለማይቀር፣ በዚህ ስፍራ ካሉት ልዩነቶች አንዳንዶቹ በተዛማጅ የዳፍኒያ ዝርያዎችም ይገኛሉ፤ ዝርያዎቹ ከመለያየታቸው፣ ኩሬውም ከመቆፈሩ እጅግ አስቀድሞ ነበሩ።